ስሌት ድንጋይ ለወለል፦ ስሌቱን ሳልሠራ ገብቼበት

እናቴን በስልክ «የኩሽናውን ወለል ላስቀይር ነው» ስላት «በምን?» አለችኝ፣ «በድንጋይ» አልኳት፣ ትንሽ ዝም ብላ «ድንጋይ በገንዘብ ገዝተሽ?» አለች። እንግዲህ እሷ ያደገችው ገጠር ወለሉ በእበት ሲለቀለቅ እያየች ነው፣ እኛን ደግሞ አዲስ አበባ ሊሾ ላይ ነው ያሳደገችን፣ ድንጋይ ማለት ለእሷ ከግቢ ተለቅሞ የሚጣል ነገር ነው። እኔ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1974 የተሠራ ቤት ገዝቼ ለድንጋይ ብቻ 2,062 ዶላር ከ50 ሳንቲም ከፍያለሁ፣ ለዛውም የመጀመሪያውን ድንጋይ መልሼ ከተቀጣሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ስለ ድንጋዩም ስለ ገዛሁበት ሱቅም ስለ ሥራውም ነው፣ ረዘም ይላል፣ ቡና ያዙ።

ድንጋዩ በእንግሊዝኛ ስሙ ስሌት ነው። አዎ ልክ እንደኛው ስሌት ነው የሚጠራው፣ ባሌ በዚች ቃል ሁለት ወር ሙሉ ሲቀልድ ነው የከረመው፣ «የስሌቱ ስሌት ስንት መጣ?» እያለ። ድሮ የፈረንጅ ተማሪዎች በእጃቸው ይዘው ይጽፉበት የነበረው ትንሹ ጥቁር ሰሌዳ የዚህ ድንጋይ ነው፣ የጥሩ ፑል ጠረጴዛ ከጨርቁ ስር ያለው ድንጋይም እሱ ነው፣ እዚህ አሜሪካ የድሮ ቤተክርስቲያንና የድሮ ዩኒቨርሲቲ ጣሪያ ላይ እንደ ቆርቆሮ የሚደረደረውም እሱ ነው። የጭቃ አፈር ከመሬት በታች በግፊትና በሙቀት ብዛት ድንጋይ ሲሆን ነው የሚፈጠረው፣ እና ልዩ የሚያደርገው ነገር ልክ እንደ መጽሐፍ ገጽ በስስ በስሱ መሰንጠቁ ነው። ፊቱ ላይ የምታዩት ወጣ ገባ ነገር በመሣሪያ የተሠራ ዲዛይን አይደለም፣ ሲሰነጠቅ የወጣው የራሱ መልክ ነው። እኔን የማረከኝም እሱ ነው።

ባሌ ፖርሰሊን፣ ያ በፋብሪካ የሚሠራውን ታይል፣ እንድንገዛ ነበር የፈለገው፣ አሁን ስሌት የሚመስል ፖርሰሊን ሞልቷል፣ ርካሽ ነው፣ ሲለር (ውሃና ዘይት እንዳይጠጣ የሚቀባ ፈሳሽ) አይፈልግ፣ ሁሉም እኩል ውፍረት ነው። እውነቱን ለመናገር ልክ ነበር፣ ጊዜና ትዕግስት ለሌለው ሰው እኔም አሁን ፖርሰሊን ውሰዱ ነው የምለው። ግን ሱቁ ውስጥ ጠጋ ብዬ ሳይ አምስተኛው ታይል ላይ የመጀመሪያው ታይል ስንጥቅ ደግሞ መጣ፣ ህትመት ነዋ፣ አንዴ ካየሁት በኋላ ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት እምቢ አለ።

የመጀመሪያው ሱቅ ስሙን አልጠራም፣ ትልቅ ነው፣ መብራቱ ያብረቀርቃል። እዛ ያየሁት «መልቲከለር» የሚሉትን ነው፣ ከውጭ የሚመጣ፣ ብርቱካናማ ወርቃማ አረንጓዴ ሐምራዊ ሁሉም ተደባልቆ ያለበት፣ ማሳያ ሰሌዳው ላይ የሚያምረው ነገር ሌላ ነው። ስኩዌር ፊቱ 3 ዶላር ከ49 ሳንቲም። የኔ ኩሽናና መግቢያው ኮሪደር አንድ ላይ 210 ስኩዌር ፊት ነው፣ ለስሌት ደግሞ ለመሰበርና ለመቆረጥ 15% ጨምሮ መግዛት ነው፣ ወደ 242 ይመጣል፣ ካርቶኑ 10 ስኩዌር ፊት ስለሚይዝ 25 ካርቶን። ሻጩን «ይሄ ለኩሽና ይሆናል?» አልኩት፣ «ድንጋይ ነው እኮ፣ ከቤቱ በላይ ዕድሜ አለው» አለኝ። እኔም አመንኩ። 872 ዶላር ከ50 ከፈልኩ፣ መጣ፣ ጋራዥ ውስጥ ተደረደረ።

ካርቶኑን ስከፍት የመጀመሪያው ነገር አቧራና ፍርፋሪ ነው። ሦስት ታይል ከነካርቶኑ ጥግ ጥጉ ተሰብሯል፣ እሱ ችግር የለም ለጠርዝ ይቆረጣል። ውፍረቱ ግን አንዱ 8 ሚሊሜትር አንዱ 14 ሚሊሜትር! ጀርባውም እንደ ፊቱ ወጣ ገባ ነው። ያኔ ነው «ጌጅድ» የሚባል ነገር እንዳለ የተማርኩት፣ ጌጅድ ማለት ጀርባው በማሽን ተልጎ ውፍረቱ የተስተካከለ ማለት ነው፣ ይሄኛው ያልተላገ ነበር፣ ለግቢ መራመጃ ይሆን ይሆናል ለኩሽና ግን ስቃይ ነው። ካርቶኑ ላይ የሚለው ነገር የለም፣ ሻጩም አላለም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

እዚህ ላይ ነው ታይል ሠሪያችን የገቡት፣ ጋሼ እንበላቸው፣ አዲስ አበባ ግንበኛ የነበሩ እዚህም ከ20 ዓመት በላይ ታይል ብቻ የሠሩ ሰው ናቸው። ለዋጋ ሊያዩ መጥተው ጋራዥ ውስጥ አንዷን አንስተው በጣታቸው አንጠልጥለው በሌላኛው እጃቸው ቋ አደረጓት። «ስሚው ልጄ» አሉኝ። ድፍን ያለ ድምፅ። ሌላ አነሱ፣ ያው። «ጥሩ ስሌት እንደ ሸክላ ይጮሃል፣ ይሄ ውስጡ ተላቋል» አሉ። ከዛ «ኩሽናሽ ውስጥ ሚዛን አለ?» አሉኝ። ያለኝ የዳቦ ዱቄት የምመዝንበት ዲጂታል ሚዛን ነው፣ አመጣሁ። ደረቁን ታይል መዘንን፣ 2,440 ግራም። ባልዲ ውስጥ ነክረሽ ነገ በዚሁ ሰዓት መዝኚው ብለውኝ ሄዱ።

በማግስቱ ፊቱን በፎጣ አድርቄ ስመዝነው 2,472። 32 ግራም ውሃ ጠጥቷል፣ 1.3% ማለት ነው። አሜሪካኖቹ ለስሌት ያወጡት ስታንዳርድ፣ ኤኤስቲኤም ሲ629 ይባላል፣ ቤት ውስጥ ለሚነጠፍ ከ0.45% በላይ እንዳይጠጣ ይላል፣ ውጭ ለሚነጠፍ ደግሞ 0.25%። እርግጥ የላቦራቶሪ አሠራር አለው የኔ ባልዲ ላቦራቶሪ አይደለም፣ ግን ሦስት እጥፍ ሲሆን ላቦራቶሪም አያስፈልግም። ከዛ ኮምጣጤ ጠብ አደረግኩበት፣ አረፋ አወጣ፣ ይሄ ማለት ውስጡ ኖራነት ያለው ነገር አለ፣ አሲድ ይበላዋል፣ ሎሚና ቲማቲም የሚደፋበት ኩሽና ውስጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። በባልዲው ያደረው ታይል ሲደርቅ ደግሞ ያ የሚያምር ብርቱካናማ ቀለም ጣቴ ላይ መጣ። ዝገት ነው። ድንጋዩ ውስጥ ያለ ብረት ዝጎ ነው እንጂ ቀለሙ ሌላ ነገር አይደለም፣ ሁሌ ክፉ ነው ማለት አይደለም ግን ጣት ላይ ከመጣ ነጭ ካልሲ ላይም ይመጣል።

መለስኩት። 20% ቅጣት ቆረጡብኝ፣ 174 ዶላር ከ50፣ ያ «ከቤቱ በላይ ዕድሜ አለው» ያለኝ ልጅ ፊቱን እንኳን አላዞረም። ለሱቁ ከ5 ኮከብ 1 የምሰጠው ለዚህ ነው፣ ድንጋዩ ርካሽ ስለሆነ አይደለም፣ የሚሸጠውን ስለማያውቅ ነው። ሰው እንዳይሳሳትብኝ፣ ከህንድም ከብራዚልም ጥሩ ስሌት ይመጣል፣ ጋሼ ራሳቸው ብዙ ሠርተዋል፣ ስሌት ማለት ግን አንድ ነገር አይደለም፣ የወጣበት ጉድጓድ ነው የሚወስነው፣ ስለዚህ ሙሉውን ከማዘዛችሁ በፊት ሁለት ሦስት ታይል ገዝታችሁ ቤት ወስዳችሁ አሰቃዩት፣ ከ20 ዶላር አይበልጥም።

ሁለተኛው ትንሽ የድንጋይ ግቢ ነው፣ አቧራ የበዛበት፣ ሽማግሌው ባለቤት ራሱ ነው የሚያስተናግደው። እሱ ጋ ስሌት በአገሩ ነው የሚጠራው። እዚሁ ቨርጂኒያ ቡኪንግሃም ካውንቲ፣ አርቮኒያ ከምትባል ቦታ የሚወጣ ሰማያዊ ቢጤ ጥቁር አለ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ለጣሪያ ስሙ የታወቀ ነው። ቀይ የሚፈልግ ኒውዮርክ ግራንቪል የሚባል አካባቢ ነው መገኛው፣ ውድ ነው። ከቬርሞንት ደግሞ አረንጓዴ፣ ግራጫና ሐምራዊ። እኔ የቨርጂኒያውን ጥቁር በጣም ወደድኩት ግን ኩሽናዬ መስኮቱ አንድ ብቻ ነው፣ ጥቁር ባደርገው ዋሻ ይሆናል፣ ደግሞ ጥቁር ላይ የጤፍ ዱቄት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። የቬርሞንት ግራጫ አረንጓዴ፣ ጌጅድ፣ 12 በ12 ኢንች ወሰድኩ፣ ስኩዌር ፊቱ 8 ዶላር ከ25። ሽማግሌው ሳልጠይቀው «ሁለቱን ወስደሽ ሞክሪው» ብሎ በነፃ ሰጠኝ። ባልዲ ውስጥ አሳደርኩት፣ 2,610 የነበረው 2,616 ሆነ። ኮምጣጤው ዝም አለ። ሲመታ ቃ ይላል። በቃ። ለእሱ 5 ኮከብ፣ ካርድ አለመቀበሉ ብቻ ነው ያናደደኝ፣ ባንክ ደርሼ መመለስ ነበረብኝ።

አሁን ሰው የማይነግራችሁ ነገር። ድንጋይ ከባድ ነው፣ እሺ ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ ግን ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው ስሌት ስኩዌር ፊቱ 7 ፓውንድ ገደማ ነው፣ የኔ ሳሳ ቢልም 210 ስኩዌር ፊቱ 1,200 ፓውንድ ገደማ፣ በኪሎ 550 አካባቢ። የአሜሪካ ቤት ደግሞ የእንጨት ቤት ነው፣ አዲስ አበባ ሶሌታ ላይ እንደማንጠፍ አይደለም። የክብደቱ ነገር እንኳን ዋናው አይደለም፣ ዋናው መርገብገቡ ነው። እንጨት ሲረግጡት ይለምጣል፣ ድንጋይ አይለምጥም፣ ይሰነጠቃል። ለሴራሚክ የተፈቀደው ልምጠት የእንጨቱ ርዝመት ለ360 ተካፍሎ ነው፣ ለተፈጥሮ ድንጋይ ለ720፣ እጥፍ ጠንካራ መሆን አለበት ማለት ነው። የኔን ወለል ከስር የተሸከመው እንጨት 12 ጫማ ነው የሚዘረጋው፣ 144 ኢንች ለ720 ሲካፈል 0.2 ኢንች፣ 5 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፣ ከዛ በላይ ከለመጠ አለቀ። (ባሌ «ይኸው ስሌት መጣ» አለ። ዝም በሉት።)

ከጋሼ በፊት የመጣ አንድ ሰው ነበር፣ የድሮው ቪኒል (የፕላስቲክ ወለል) ላይ በቀጥታ በሁለት ቀን እለጥፍልሻለሁ ያለኝ፣ ዋጋው ግማሽ። እንኳን ዝም አልኩት። ቤቱ በተሠራበት ዘመን የነበረ ቪኒልና ሙጫው አስቤስቶስ፣ ያ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳው ነገር፣ ሊኖርበት ስለሚችል ሳይመረመር መፋቅ አይደለም መነካካትም የለበትም፣ ትንሽ ቁራጭ ላቦራቶሪ ላክን፣ የለበትም ተባለ፣ ተመስገን። ከዛ ጋሼ ቤዝመንት ወርደው ከስር በባትሪ አዩት፣ ሁለት ቦታ ላይ የድሮ ቧንቧ ሠራተኛ እንጨቱን ቆርጦት አልፏል። ጎን ለጎኑ አዲስ እንጨት ታሰረበት፣ በመሃል በመሃሉ መደገፊያ ገባ፣ ከላይ ደግሞ ግማሽ ኢንች ሁለተኛ ፕላይውድ ተጨመረ፣ ለድንጋይ አንድ ድርብ አይበቃም አሉ። ከዛ ላይ ዲትራ፣ ያቺ ብርቱካናማ ፕላስቲክ፣ እንጨቱ ሲነፋና ሲኮማተር ድንጋዩን ይዞት እንዳይሄድ መሃል ላይ የምትነጠፍ። ሦስት ቀን ሙሉ ድንጋይ የሚባል ነገር አልተነካም። እኔ ውስጤ እያረረ ነው፣ ቀን በቀን ነው የምከፍለው መስሎኝ፣ ዓቢይ ፆም ስለነበር ቤዝመንት ውስጥ በአንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽሮ እየሠራሁ።

ዲሽዋሸሩ፣ የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ! ይሄን ሳልረሳ። ፕላይውድ፣ ዲትራና ድንጋይ ሲደመር ወለሉ ከአንድ ኢንች በላይ ከፍ አለ። ዲሽዋሸሩ ከካውንተሩ ስር ነው፣ ከፊቱ ያለው ወለል ከፍ ካለ እሱ እዛው ጉድጓዱ ውስጥ ታሰረ ማለት ነው፣ ሲበላሽ ማውጫ የለም። ጋሼ ባያስቡት ኖሮ እኔ በህልሜም አይመጣልኝም። አውጥተው ከስሩም ፕላይውድ አስገብተው የዲሽዋሸሩን እግር አሳጥረው መለሱት፣ ለጥቂት ገባ። የሁለት በር ታችም ተቆረጠ፣ ከሳሎኑ ጋ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ተዳፋት ያለው እንጨት ተደረገ፣ ልጄ አሁንም በሳምንት አንዴ ትደናቀፍበታለች።

ማንጠፉ ራሱ ማየት ደስ ይላል። መጀመሪያ 25ቱንም ካርቶን ከፍተው አደባለቁት፣ አንዱ ካርቶን አረንጓዴ ያመዝናል አንዱ ግራጫ፣ ተራ በተራ ቢነጠፍ ወለሉ እንደተጣፈ ልብስ ይሆናል። ከዛ ያለ ማጣበቂያ ደረቁን ደርድረው ከመስኮቱ ጋ ቆሜ እንዳይ ጠሩኝ፣ «ይሄን እዛ፣ ያንን እዚህ» ስል አንድ ሰዓት ፈጀሁባቸው፣ አልተቆጡም። ጌጅድም ቢሆን ትንሽ መለያየት ስለማይቀር ወፍራሙን ለይተው በእሱ ጀመሩ፣ ስሱን ከስሩ ማጣበቂያ አብዝቶ ከፍ ማድረግ ይቻላል ወፍራሙን ግን ወዴትም ዝቅ ማድረግ አይቻልም። የእያንዳንዱን ታይል ጀርባ በእርጥብ ስፖንጅ ጠረጉ፣ አቧራ ካለበት ቲንሴቱ (ማጣበቂያው) የሚይዘው አቧራውን ነው። ወለሉ ላይ ቲንሴት በጥርሳሙ ትራውል፣ ጀርባው ላይ ደግሞ ሌላ ስስ ቅብ፣ በላስቲክ መዶሻ ጠቅ ጠቅ፣ ውሃ ልክ፣ ቀጣይ። በየመሃሉ አንዷን ነቅለው ገልብጠው ያያሉ፣ ለድንጋይ 95% ጀርባው መያዝ አለበት፣ ባዶ ቦታ ካለ አንድ ቀን ድስት ይወድቅበትና ይሰነጠቃል። መቁረጡ ውጭ ነበር፣ ውሃ ባለው መጋዝ፣ ማስክ አድርገው፣ የዚህ ድንጋይ ብናኝ ሲሊካ ስላለበት ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ቤት ውስጥ በደረቅ ግራይንደር ላድርገው የሚላችሁን ሰው አባሩት።

ከግራውት (በታይሎቹ መሃል ያለውን ክፍተት ከሚሞላው) በፊት ሲለር መቀባት አለበት፣ ይሄን የማያውቅ ብዙ ነው። ፊቱ ወጣ ገባ ስለሆነ ግራውቱ ስንጥቁ ውስጥ ይገባና አይወጣም፣ ነጭ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል። ሲለሩ ፊቱ ላይ ብቻ ነው። ሁለት ዓይነት ሲለር አምጥተው ትራፊ ላይ ሞከርን፣ አንዱ ድንጋዩን እርጥብ ያስመስለዋል፣ ያጠቁረዋል፣ አንዱ ሰርስሮ ይገባል ግን መልኩን አይለውጥም። እኔ የራሴን ፈተና ጨመርኩ፦ የተቀባውም ያልተቀባውም ትራፊ ላይ የቀለጠ ቅቤና በርበሬ አሳደርኩ። ጠዋት ያልተቀባው ላይ እስከ ዛሬ ያልለቀቀ ጥቁር ክብ፣ የተቀባው በሞቀ ውሃና በጥቂት ሳሙና ጥርግ አለ። መልኩን የማይለውጠውን መረጥኩ። ግራውቱ አሸዋ ያለበት፣ ጥቁር ግራጫ፣ ሩብ ኢንች ክፍተት። ከደረቀ በኋላ ሁለት ዙር ሲለር እንደገና። ለእጅ ሥራው ስኩዌር ፊቱን 14 ዶላር ከፈልኩ፣ 2,940፣ የእንጨቱ ማጠናከሪያ ለብቻ ነው። ከድንጋዩ በላይ ሥራው ነው የሚያስወጣው፣ እና ይገባዋል፣ ለጋሼ 5 ኮከብ፣ 6 ቢኖር 6።

አሁን 14 ወር ሆኖታል። ድንጋዩን 4 ነው የምሰጠው። አንድም አልተሰነጠቀም፣ በረዶ ቀን ልጆቹ እርጥብ ቡት ይዘው ሲገቡ አያንሸራትትም፣ የመንገዱን ጨው ቶሎ ቶሎ እጠርጋለሁ እንጂ ምንም አላደረገውም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ትንንሽ ቅርፊት ይላቀቅ ነበር፣ ደንግጬ ደወልኩ፣ «የላላው ነው የሚወጣ፣ ይተዋል» አሉኝ፣ ተወው። ኮምጣጤ ያለበት ማጽጃ አልጠቀምም፣ ሲለሩ ደግሞ ውሃ ጠብ ሳደርግበት ምድጃው ጋ መምጠጥ ጀምሯል፣ በሚቀጥለው ወር እቀባዋለሁ። አንዷ ኮከብ የተቀነሰችው ለክረምቱ ነው፣ ጥር ላይ ሲረግጡት አጥንት ድረስ ይሰማል፣ ከስሩ ማሞቂያ ሽቦ ማስገባት የሚቻለው ሳይነጠፍ ነበር፣ ጋሼ ጠይቀውኝ ነበር፣ ገንዘብ ሳስቼ እምቢ አልኩ። የወደቀ ነገር ሁሉ ደግሞ ይሰበራል፣ ስድስት ስኒ ነበረኝ አራት ቀርቷል።

እናቴ ገና ላይ መጣች። በባዶ እግሯ አንዴ ረገጠችውና «ወይ ጉድ፣ በረዶ ላይ ነው እንዴ የምትኖሩት» ብላ ነጠላ ጫማዋን አደረገች፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ሳታደርግ አልወረደችም። ቡና ላፍላ ብላ ረከቦቱን አስቀመጠች፣ ወለሉ ወጣ ገባ ነዋ፣ ረከቦቱ ይንገዳገዳል፣ ስኒዎቹ ይንቀጫቀጫሉ። ከኢትዮጵያ ሱቅ ያመጣችውን የፕላስቲክ ቄጠማ ዘርግታ እንደገና አስቀመጠችው፣ አሁንም ይንገዳገዳል፣ የ8 ዶላር ከ25ቱ ድንጋይ ግን ጭራሽ አይታይም። በመጨረሻ የፓስታ ካርቶን ቀድዳ አጥፋ አንዱ እግር ስር ሻጠችበትና ቆመ። እሷ የካቲት ላይ ተመልሳለች፣ ካርቶኑ ግን እዛው ረከቦቱ ስር አለ።